ረጋ በይ

ዶሃ፣ በነሐሴ። የሆስፒታሉ መስኮት ያልበዋል፤
ውጭው እሳት፣ ውስጡ ውርጭ፣ መስታወቱ መሃል ያነባል።
ግራ እግሬ ትራስ ላይ፣ እንደ ባዕድ ተጋድሞ፣
ቀልቶ፣ አብጦ፣ ግሎ፣ ከእኔ ቀድሞ ታሞ።
ሺጂ፣ የኬረላዋ ነርስ፣ ካርዴን አይታ ትጣራለች፤
«ይታይሽ አዳኔ» ብላ የአባቴን ስም ታጣምማለች።

ሱዳናዊው ሐኪም ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤
በዓረብኛ አስረዳኝ፣ ቀላል ቀላሉን እየመረጠ።
ብዙው አለፈኝ። አንድ ቃል ግን አስተርጓሚ አልጠበቀ፤
ደም በእነሱም ደም ነው፤ ጆሮዬ ወዲያው አወቀ።

ረግቷል ማለቱ ነው።
ረግቷል!
ላለቅስ ስል ሳቄ መጣ።
«ረጋ በይ» ሲሉኝ ነው ያደግሁት፤
ስሮጥ ረጋ በይ፣ ስመልስ ረጋ በይ፣
ለማላውቀው ሰው ሲድሩኝ፣ ረጋ በይ አንቺ ልጅ፤
እዚህም አሠሪዬ «ሽዋይ ሽዋይ» ትላለች፣ ያው ናት በሌላ ደጅ።
እኔ አልሰማሁም። ደሜ ግን ሰማ፤
ሠላሳ ስድስት ዓመት አሰላስሎ፣ በመጨረሻ እሺ አለ፤
ባቴ ውስጥ ገብቶ እንደ እርጎ ዋለ።

ከዚያ ስለ ፊደል አወራኝ፤ ሥጋችን ውስጥ ስለተጻፈው፣
ግማሹን ከእናት፣ ግማሹን ከአባት ስለምንቀዳው።
ሲገለበጥ ይሳሳታል አለ፣ አብዛኛው ስህተት ግን አይጎዳም፤
በየትኛውም ጸ ጻፊያት፣ አልኩ ለራሴ፣ ፀሐይ ሙቀቷ አይከዳም።
አንዳንዱ ግን፦
የአባቴ ስም አዳነ ነው። ከዳ ላይ ያቺን ረጅም እግር ብታነሺ
አደነ ይሆናል።
(ካርዴ ላይ በፈረንጅ ፊደል ሁለቱ አይለዩም።)
ነገ ላይ ሲደርሱማ ሁለቱም «ያድናል»፣ ሁለቱም «አዳኝ» ናቸው፤
መድኃኒት ይሁኑ ወጥመድ አይታወቅም በመልካቸው።
ሐኪሙም አለኝ፣ ይህቺው ፊደል፣ ምናልባት፣ በወለድሽ ጊዜ
ደምሽ ፈስሶ እንዳያልቅ ይዛልሽ ይሆናል።
ያኔ አዳነች።
ዘንድሮ አደነች።

አባቴ ሸማኔ ነበር፤ እግሩን ጉድጓድ ሰዶ
ንጋት ተቀምጦ ማታ የሚነሣ፣ ጉልበቱ በርዶ።
በአርባ አንድ ዓመቱ፣ ሰኞ፣ ጋቢው ግማሽ ሳለ
ደረቱን ይዞ አንዴ አቃሰተ፤ ከዚያ ምንም አላለ።
«ተበልቶ ነው» ተባለ። ጣት ሁሉ ወደ ሸክላ ሠሪዋ ዞረ፤
እማማ ዝማም ደጃፍ ድንጋይ ተወረወረ።
አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። እኔም ወረወርኩ፤
የመወርወሪያ ልጅ፣ እጄ አይስትም፣
ሊደርቅ የተሰጣ ገንቦ መታሁ።
በክረምት፣ በጭቃ፣ የተረፋትን አንድ እንስራ አዝላ
መንደሩን ለቀቀች።

እኔ ደግሞ ነጅማ፣ ልብስ ስፌት ሱቅ ውስጥ፣ በቀን አሥራ አራት ሰዓት፣
ጥቁር አበያ ስሰፋ፣ እግሬ ሳይንቀሳቀስ፣
ለካ የአባቴን ጉድጓድ ከባሕር ማዶ ቆፍሬዋለሁ።
ሰባት ቤት ቆጥረው የዳሩኝ ሽማግሎች
ይህቺን አንዲት ጭረት አልቆጠሯትም።

ለወንድሜ ለደሳለው ደወልኩ፦ ደምህን አስመርምር፤
ደረትህ ሲጨንቅህ «ምች ነው» ብለህ አትተኛ።
ለልጄ ለማስተዋል፦ ዘውድ ወይ ጎፈር ነው፣ ግማሽ በግማሽ፤
ስታድጊ አትርሺ፣ ንገሪያቸው፣ ኪኒን ሲያዙልሽ።

መጨረሻ ለእናቴ።
«እማዬ፣ ዝማም አልበላችውም።
ደማችን ነው።»
ዝም አለች። ዶሮ ሲጮህ ይሰማኛል፣ ሰው በር ሲዘጋ፣
ሃያ አምስት ዓመት የያዘችው ትንፋሽ ሲወጣ።
ከዚያ፣ ቀስ ብላ፣
«ይታይሽ፣ ረጋ በይ።»

ሺጂ የሆዴን ቆዳ ቆንጥጣ የማታውን መርፌ ትሰካለች።
አልረጋም፣ እማዬ፤
እንዳልረጋ ተወግቻለሁ።